ማዳመጥ የማን ዕዳ ነው?

የሰው ልጅ ከተሰጡት ሕዋሳት መካከል ዓይን የሚከበረውን ያህል ጆሮ አይከበርም። ዓይን የማይወደውን ነገር ባየ ጊዜ ይከደናል፤ ጆሮ ግን መክደኛ የለውም፤ ባለቤቱ ተኝቶ እንኳ እርሱ ክፍቱን ያድራል። ቢሆንም አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብለው እንደ ተረቱት፥ ክፍት መሆኑ ብቻ ሰሚ አያደርገውም። ድምፅ ወደ ጆሮ ሲገባ መስማት ይባላል፤ የገባው ድምፅ ከልብ ደርሶ ሰውየውን ከተቀመጠበት ሲያስነሣው ግን ማዳመጥ ይባላል። መስማት ለእንስሳም አለው፤ ማዳመጥ የሰው ምግባር ነው። ምግባር ከሆነም ያስመሰግናል፤ ሲጓደልም ያስጠይቃል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚሁ ይወጣል። ይኸውም፥ የማዳመጥን ሥራ ለመሣሪያ ባስረከብን ጊዜ የማዳመጥን ዕዳ አብረን ልናስረክብ ይቻለናልን? የሚል ነው። ጥያቄው እንዲሁ በደፈናው ሲነገር ሥራ የፈታ ሰው ክርክር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በምጥ ላይ ባለች ሴት አልጋ አጠገብ ሲጠየቅ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው።

ነገሩን ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት የተገኘሁበት አንድ ስብሰባ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በደብረ ማርቆስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ፈጽሜ ወደ መንግሥት ሥራ ከገባሁ ወዲህ፥ ዕድሜዬ ሠላሳዎቹን እስኪያጋምስ ድረስ መዝገብ ሳገላብጥና ቃለ ጉባኤ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። በዚያም ስብሰባ ተግባሬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር። በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ለወላድ እናቶች መርጃ የሚሆን ገንዘብ አዋጥተው ነበርና፥ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል? የሚል ክርክር ተነሣ። ከፊሎቹ በምጥ ጊዜ የጽንሱን የልብ ምት ያለ ሽቦ እየተከታተለ የሚያሳየው አዲሱ መሣሪያ ይገዛ አሉ። ከፊሎቹ ደግሞ ለሌሊት ተረኛ አዋላጆች ማደሪያ ቤት ይሠራ፥ ተራው መስሚያም በብዛት ይገዛ አሉ። በመካከሉ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ስንቱን ያዋለዱ ሴቶች እያሉ አሁን ደግሞ ሣጥን ሊያስተምረን ነው?» ቢሉ ጉባኤው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራለሁ፤ አስቀድሜ ግን መሣሪያው ምን እንደ ሆነና ከምን እንደ መጣ መናገር ይገባኛል፤ ያላወቁትን ነገር መውደድም መጥላትም ፍርድ አይደለምና።

ሰው የማኅፀንን ልጅ በጥበብ ማዳመጥ ከጀመረ ገና 200 ዓመት ያህል ነው። ላኤኔክ የተባለው ሐኪም በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1816 የደረት ማዳመጫን አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማዮር የተባለ የጄኔቫ ሐኪም ጆሮውን በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ቢያሳርፍ የሕፃኑ ልብ እንደሚሰማ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1821 ደግሞ ኬርጋራዴክ የተባለ ፈረንሳዊ፥ ሕፃኑ በሽርት ውሃው ውስጥ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማውን ድምፅ ሊሰማ ማዳመጫውን በእናቲቱ ሆድ ላይ ቢያኖር፥ የሰዓት ምት የመሰለ ፈጣን ድምፅ ሰማ። የእናቲቱን የእጅ ምት ቢቆጥር አልገጠመም፤ በአንድ ገላ ውስጥ ሁለት ልቦች እንደሚመቱ ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1895 ፒናር የተባለው የማዋለድ ሐኪም አንድ ጫፏ እንደ መለከት የሰፋ፥ ሌላው ጫፏ ለጆሮ የሚመች መስሚያ ሠራ። ይህች መስሚያ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ እየተሠራች እስከ ዛሬ ድረስ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ትገኛለች። አዋላጆቻችን ፌቶስኮፕ ይሏታል። መብራት አትጠይቅም፥ ባትሪ አትፈልግም፤ የምትፈልገው አንድ ጆሮና አንድ ጸጥታ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ ወደ ኤሌክትሪክ ተሻገረ። ዶፕለር የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1842፥ ከሚንቀሳቀስ ነገር የሚመጣ ሞገድ እንቅስቃሴው እንደሚለውጠው አስረድቶ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን የድምፅ ሞገድ በእናቲቱ ሆድ በኩል ተልኮ፥ ከሚመታው የሕፃን ልብ ነጥሮ ሲመለስ ምቱ ይቆጠራል። በአሜሪካ ኤድዋርድ ሆን እ.ኤ.አ. በ1958 የጽንስን ልብ በኤሌክትሪክ ስለ መከታተል ጽፎ አሳተመ፤ በኡሩጓይ ካልዴይሮ ባርሲያ፥ በጀርመን ሐማኸርም በዚሁ መንገድ ደከሙ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መሣሪያው በገበያ እየተሸጠ በሀብታም አገሮች ማዋለጃ ክፍሎች ተሠራጨ። በእናቲቱ ሆድ ላይ ሁለት መቀነት ይታሠራል፤ አንዱ የሕፃኑን ልብ፥ ሁለተኛው የምጡን ብርታት ይለካል፤ ሁለቱም በወረቀት ላይ ሁለት መሥመር እየጻፉ ይሄዳሉ። ዳሩ ግን የመሣሪያው ሽቦ እናቲቱን ከአልጋዋ ጋር አሠራት። አዲሱ ገመድ አልባ መሣሪያ የመጣው ይህን እስራት ሊፈታ ነው። በሆዷ ላይ የሚያርፈው ትንሽ ዕቃ ምቱን በራዲዮ ሞገድ ይልካል፤ እርሷም ትነሣለች፥ ትራመዳለች፥ አንዳንዱ ዓይነት ውሃ ውስጥ እንኳ ይከተላታል። ተነሥቶ መራመዱም ለይስሙላ አይደለም። በምጥ መጀመሪያ ክፍል ቀና ብለው የሚንቀሳቀሱ እናቶች ምጣቸው ተኝተው ከሚያምጡት ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያጥር በጥናት ታውቋል። እናቶቻችንም ግድግዳ ተደግፈው፥ ምሰሶ ጨብጠው፥ ተንበርክከው ሲያምጡ የኖሩት ይህንኑ ሰውነታቸው ስለ ነገራቸው ነው።

እንግዲህ የሚደመጠው ለምንድን ነው? ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ እስትንፋሱን የሚያገኘው ከእናቱ ደም ነው። ይህም በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ይደርሰዋል። ምጥ በመጣ ቁጥር ማኅፀን ሲጨማደድ የደሙ መንገድ ለጥቂት ጊዜ ይጠባል። ጤነኛ ሕፃን ይህን ይችለዋል፤ ልቡም በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ እየመታ ይቀጥላል። የደከመ ሕፃን ግን ምጡ ሲያልፍ ልቡ ዘግይቶ ይወርዳል፤ ለመመለስም ይቸገራል። ስለዚህ አዋላጂቱ በምጡ ጊዜ ጀምራ ምጡ ካለፈም በኋላ ማዳመጥ ይገባታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ምጡ ከበረታ ወዲህ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ፥ ሕፃኑ ወደ መውጫው ሲገፋ ደግሞ በየ5 ደቂቃው እንዲደመጥ ነው።

እኛ የጎጃም ሰዎች ይህን ነገር በቅኔ ምሳሌ ብንመለከተው ይቀርበናል። በዋሸራ፥ በጎንጅ፥ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ መምህር ዓይኑን ከድኖ የተማሪውን ቃል ሲያዳምጥ፥ ቃሉ ሰም መሆኑን ያውቃል፤ የሚፈልገው ከሰሙ በታች ያለውን ወርቅ ነው። የልብ ምትም ቁጥሩ ሰም ነው፤ ወርቁ ሕፃኑ ያለበት ሁኔታ ነው። መሣሪያ ሰሙን ከሰው ጆሮ አብልጦ ይቆጥራል፤ አይደክምም፥ አያንቀላፋም። ወርቁን ማውጣት ግን የሰው ድርሻ ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ሰሙን ራሱን ይስታል። የእናቲቱን የልብ ምት የሕፃኑ አድርጎ የሚቆጥርበት ጊዜ አለና፥ ሕፃኑ እየደከመ ሳለ ወረቀቱ «ደኅና ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ኬርጋራዴክ በ1821 እንዳደረገው፥ የዛሬዪቱም አዋላጅ አንድ እጅዋን በእናቲቱ የእጅ ምት ላይ አኑራ ሁለቱን ልቦች መለየት ያለባት ስለዚህ ነው።

በዓለም የተደረገውም ምርመራ የሚያስተምር ነው። በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን 13,000 ያህል ወላዶች በሁለት ተከፍለው፥ ግማሾቹ በመሣሪያ ያለማቋረጥ፥ ግማሾቹ በየጊዜው በጆሮ ተደመጡ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1985 ታተመ። በመሣሪያ በተደመጡት ዘንድ ከተወለዱ በኋላ የሚንቀጠቀጡ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል አነሰ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሞቱት ሕፃናት ቁጥር ግን በሁለቱም ወገን ልዩነት አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩም ነገሩ ይኸው ሆኗል፤ በተጨማሪም መሣሪያው ባለበት በቀዶ ሕክምና የሚወልዱ እናቶች በዝተዋል፤ የማያስፈራው መሥመር እያስፈራ ብዙዎችን ወደ ቢላዋ ወስዷልና። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፥ ጤነኛ ለሆነች፥ ምጧም በራሱ ለመጣ እናት የማያቋርጥ የመሣሪያ ክትትል አያስፈልጋትም፤ በየጊዜው በፌቶስኮፕ ወይም በትንሹ የእጅ ዶፕለር መደመጥ ይበቃታል አለ። በኡጋንዳና በታንዛንያ የተሞከሩት የዶፕለር መሣሪያዎችም ከጆሮ ይልቅ የተዛባ ምትን አብልጠው ማግኘታቸው ታውቋል፤ የሕፃናቱ ዕጣ ግን በዚያው ልክ ሲሻሻል አልታየም። በሌላ ወገን ደግሞ፥ በምጧ ጊዜ ከአጠገቧ የማይለይ አይዞሽ ባይ ያላት እናት ያለ ቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏ እንደሚጨምር በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። አይዞሽ ባይ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በስናን በኩል ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ ሰው፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ብርዳም አናት ሲቃረብ፥ መንደሮቹ በሸንተረር በሸንተረሩ ተበታትነው ያያል። በሌላው ወገን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰውም እንዲሁ ነው። በእነዚህ አገሮች ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ትወጣለች፤ የመንደሩ ጎበዝ እየተፈራረቀ ጭቃውንና ወንዙን ያሻግራታል። ዕድል የቀናት መኪና መንገድ ላይ አምቡላንስ ትጠብቃታለች። በሌሎች ዘንድ ወሊድ ቀላል የሆነ ይመስል ዘንድ ግን አልናገርም። ነርስነትን በእንግሊዝ አገር የተማሩት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እንኳ በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ማረፋቸውን ታሪክ ይነግረናል። በስማቸው በተሠራው ሆስፒታል አዋላጆችን ሊያስተምሩ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት ዶክተር ካተሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን፥ ቀናት ሙሉ አምጠው ልጃቸውንም ጤናቸውንም ያጡ ሴቶችን አይተው፥ ዕድሜያቸውን ለፌስቱላ ሕክምና ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተውም፥ ጉዳቱን ከመጠገን ይልቅ በጊዜ መድረስ ይሻላል ተብሎ ነው።

ደግሞም ከፍ ያለ ለውጥ ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት በጤና ድርጅት የወለዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26 ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ይህን ያደረጉት በየቀበሌው እየዞሩ የሚያስተምሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፥ ምጥ ሳይመጣ እናቶች መጥተው የሚሰነብቱባቸው ማቆያ ቤቶች፥ እዚያም የሚቀርበው ገንፎና ቡና፥ ቃሬዛ የተሸከመውም ትከሻ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው በ2011 ዓ.ም. ጥናት፥ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል ከ30 የማያንሱት የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ያልፋሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልላችን ሰላም በደፈረሰ ጊዜ፥ መንገድ ሲዘጋና መገናኛ ሲቋረጥ፥ ሩቅ ያለች ወላድ የቱን ያህል ብቻዋን እንደምትቀር አይተናል። እናቲቱ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ መድረሷ ግማሽ መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ከደጃፉ ወደ ውስጥ ያለው ነው።

አሁን በስብሰባው መካከል ለምን መሳቅ እንዳልቻልሁ ልናገር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፥ ትዳር በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት፥ ለሥራ ተመድቤ በአንዲት የደጋ ከተማ እኖር ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትገላገል ጤና ጣቢያ ገባች። ቦታውንም ሰውንም አልጠራም፤ ክስ ላቀርብ አይደለምና። ዝናም ይዘንም ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ አዋላጂቱ መስሚያዋን በሆዷ ላይ አኑራ አዳመጠችና «ደኅና ነው» አለችን። እኔ ከደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። መስሚያዪቱ በመስኮቱ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ተሰቅላ በበሩ ስንጥቅ ትታየኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከምስማሩ አልወረደችም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አዋላጂቱ ተመልሳ መጣች፤ መስሚያውን በአንድ በኩል አኖረች፤ አነሣችና በሌላ በኩል አኖረች፤ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቦታ መለሰችው። እናቱን ማርያም ማረቻት፤ ልጁ ግን አላለቀሰም።

ለብዙ ጊዜ ያችን አዋላጅ በልቤ ስከስሳት ኖርሁ። ሲቆይ ግን የሌሊቱን ነገር ሙሉውን ሰማሁ። በዚያች ሌሊት ለሦስት ወላዶች የነበረችው ተረኛ እርሷ ብቻ ነበረች፤ ከሦስቱም አንዲቱ ከወለደች በኋላ ደም አላቆም ብሏት፥ አዋላጂቱ ሌሊቱን በሙሉ በሁለት እጅዋ ማኅፀኗን ስትጫን አድራለች። ያች ሴት ዛሬ በሕይወት አለች። በገበያ ቀን ልጇን አስከትላ ስታልፍ አያት ነበር፤ ልጁ ከልጄ ጋር በአንድ ሌሊት የተወለደ ነው። በዚያን ጊዜ «ያችን ትተሽ ለእኔ ልጅ ነይ» ብዬ ልጠራት ይገባኝ ነበርን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ባቀረብሁ ቁጥር ክሴ ከአፌ ይወድቃል።

ታዲያ ያ ገመድ አልባ መሣሪያ በዚያ ሌሊት በባለቤቴ ሆድ ላይ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ባትሪው እስካልደከመ ድረስ የልጁ ልብ ሲወርድ ይጮህ ነበር። አዋላጂቱም ትሰማው ነበር፤ ግን እጅዋ በሌላዪቱ ደም ውስጥ እንዳለ ትሰማው ነበር። መሣሪያ ጆሮ ይጨምራል፤ እጅ ግን አይጨምርም። ይህን ብዬ ግን ነገሩን ልዘጋው አልችልም፤ ሕሊናዬ ይከለክለኛል። ምክንያቱም በዚያች ሌሊት ከደጅ ሁለት ሥራ የፈቱ እጆች ነበሩ፤ የእኔ እጆች። አዋላጂቱ ሰምታ ቢሆን ኖሮ «ሮጠህ እከሌን ቀስቅስ» ትለኝ ነበር፤ እኔም በዝናሙ ውስጥ እሮጥ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው ዋጋ የለውም አልልም። የምለው፥ ከጩኸቱ ማዶ የሚነሣ ሰው ከሌለ ጩኸቱ ሐዘንን አስቀድሞ ከመንገር በቀር ምንም አይሠራም ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው ወገን «ነገሩ የፈጣሪ ነው፤ ያለው ይሆናል፤ ሰው በሆድ ውስጥ ያለውን ምን አደከመው?» ይላል። የሚሆነውን ፈጣሪ እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። ነገር ግን ይኸው ሰው እህሉ ሲያፈራ ማማ ሠርቶ ከዝንጀሮና ከወፍ ሲጠብቅ ያድራል፤ «ያለው ይሆናል» ብሎ አይተኛም። ለማሽላ የሚነቃ ሰው ለልጅ ሊተኛ አይገባውም።

ሁለተኛው ወገን «ድኻ አገር እንዲህ ያለውን የቅንጦት ዕቃ ምን ያደርግለታል?» ይላል። ይህ አነጋገር ብልህ ቢመስልም ከበስተኋላው ክፉ አሳብ አለ፤ የጮቄ ልጅ ነፍስ ከደብሊን ልጅ ነፍስ ያነሰች ናት የሚል ነው። እኔ ይህን አልቀበልም። የልጆቹ ነፍስ እኩል ናት፤ ስለዚህ የሚገባቸው ጥንቃቄ እኩል ነው። ጥንቃቄ እኩል መሆን አለበት ማለት ግን ዕቃው አንድ ዓይነት መሆን አለበት ማለት አይደለም። ሀብታሞቹ አገሮች ራሳቸው መርምረው፥ ለጤነኛ ወላድ የሚበቃት በጊዜው የሚደመጥ ጆሮ ነው ካሉ፥ የእኛ ወላድ የተነፈገችው ያንኑ በጊዜው የሚደመጥ ጆሮ ነው። ደም ግፊት ላለባት፥ ምጧ ለዘገየ፥ በመድኃኒት ለምታምጥ እናት ግን የማያቋርጠው ክትትል ሊያስፈልግ ይችላልና፥ ቀዶ ሕክምና በሚደረግበት ሆስፒታል መሣሪያው ቢኖር ተገቢ ነው፤ ሽቦ የሌለውም ከሆነ ለእናቲቱ ይበልጥ ይመቻል።

ሦስተኛው ወገን «መሣሪያ ከገባ ሰው ከሰው ይለያያል፤ አዋላጂቱ ከሩቅ ቁጥር እያየች እናቲቱን ትረሳለች» ይላል። ይህ ፍርሃት እውነት አለበት። መስሚያዋን በሆድ ላይ የምታሳርፍ አዋላጅ ሳትወድ ታጎነብሳለች፤ ስታጎነብስ ፊቷ ወደ እናቲቱ ይቀርባል፤ ላቧን ታያለች፥ ሕመሟን ትሰማለች። ያለ ሽቦ የሚሠራው መሣሪያ ግን እናቲቱን ከአልጋዋ እንደሚፈታ ሁሉ አዋላጂቱንም ከእናቲቱ አጠገብ ሊፈታት ይችላል። አንዱ ፍቺ ነጻነት ነው፤ ሁለተኛው መተው ነው። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ግን መሣሪያው አይደለም፤ የሚይዘው ሰውና ሰውየውን ያሰማራው ኃላፊ ነው። ሰው ለመራቅ ቢፈልግ በእንጨት መስሚያም ይርቃል፤ የእኔው ምስክር ከምስማር ላይ ተሰቅላ ያደረችው መስሚያ ናት።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ መልሴ ይህ ነው። የመቁጠር ሥራ ለመሣሪያ ይሰጣል፤ የማዳመጥ ዕዳ ግን ከሰው ትከሻ አይወርድም። ዕዳውም የአዋላጂቱ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ስሕተት ይህን አለማወቄ ነበር። ሦስት ወላድ ላለበት ሌሊት አንዲት ተረኛ የመደበው መዝገብ፥ ማደሪያ ስለሌላት ሁለተኛዪቱን አዋላጅ ከሩቅ ያሳደረ በጀት፥ ለመብራቱ ያልተጻፈው ደብዳቤ፥ እነዚህ ሁሉ ያልሰሙ ጆሮዎች ናቸው። እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ በሠንጠረዥ ላይ «1» ብሎ የጻፈው ቁጥር በሌላ ቦታ ዝምታ ሆኖ ይሰማል። ሐኪም በመስሚያ እንደሚያዳምጥ ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛም በመዝገብ ያዳምጣል፤ ወይም ሳያዳምጥ ያድራል።

በዚያ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ እንዲናገር ባይጠበቅም ፈቃድ ጠይቄ ተናገርሁ። ስለ ልጄ አላነሣሁም፤ «ከጩኸቱ ማዶ ማን አለ?» የምትለዋን ጥያቄ ብቻ አቀረብሁ። ከብዙ ክርክር በኋላ፥ ገንዘቡ አስቀድሞ ለተረኞች ማደሪያ፥ ለመብራትና ለመስሚያዎች እንዲውል፥ የመሣሪያውም ጉዳይ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግበት ቦታ ወደፊት እንዲታሰብ ተወሰነ። ገንዘብ ካዋጡት አንዳንዶቹ ስማቸው የሚጻፍበት ዕቃ ባለመገዛቱ ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ። ማደሪያ ቤት ግን ሌሊት ሲንኳኳ የሚከፈት በር ነው፤ ከዚህ የበለጠ የስም መታሰቢያ አላውቅም።

ሁለተኛ ልጃችን የተወለደችው ከመጀመሪያው ሐዘናችን ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜ አማቴ ከባለቤቴ ራስጌ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። አዋላጂቱ በየግማሽ ሰዓቱ መጥታ እያዳመጠች በወረቀቷ ላይ ትጽፍ ነበር። እኔ በበሩ ላይ ቆሜ በመጣች ቁጥር ፊቷን ፊቷን ስመለከት ነገሩ ገብቷት ይሁን አላውቅም፥ ምጡ ገና ሳይበረታ «ጋሼ፥ ይምጡና እርስዎም ያዳምጡ» አለችኝ። አጎነበስሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ልብ ብቻ ነበር። «ትንሽ ይታገሡ፤ የራስዎን ያሳልፉት» አለችኝ። ታገሥሁ። ከዚያ በኋላ ከሩቅ፥ በሜዳ ላይ እንደሚጋልብ የፈረስ ኮቴ፥ ፈጣንና ቀጭን ድምፅ መጣ።

የራሳችንን ድምፅ አሳልፈን የሌላውን እስክንሰማ ድረስ መታገሥ፥ እኔ እንደሚመስለኝ፥ ማዳመጥ ማለት ይህ ነው። ወጣት ተማሪዎች፥ ነገ ሐኪምና መሐንዲስ ሆናችሁ ከዚህ የረቀቀ መሣሪያ ትሠሩ ይሆናል፤ ሥሩ፤ ደስ ይለናል። መምህራን፥ ልጆቹን መቁጠርን ስታስተምሩ ማጎንበስንም አስተምሩ። እኛ በጠረጴዛ ላይ ያለን ሠራተኞችም፥ በእጃችን ላይ ያለው ወረቀት የአንዲት እናት ሆድ መሆኑን አስበን ጆሮአችንን እናሳርፍበት። መናገር ያልጀመረ ዜጋ አቤቱታውን የሚያቀርበው በልቡ ምት ብቻ ነው፤ ቀጠሮም አይሰጥምና።